አስፈሪ ፊልም አይቶ እንቅልፍ ለሚያጣ

አስፈሪ ፊልም እያማራችሁ ሌሊቱን ግን አፍጥጣችሁ የምታድሩ ከሆነ፣ አጫጭር ታሪኮች አንድ ላይ በተሰበሰቡበት ፊልም ጀምሩ፤ በአንድ ምሽትም አንዱን ብቻ አይታችሁ አጥፉት። ለጀማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው "ክሪፕሾው" ይሻላል። ስቲቨን ኪንግ ጽፎት ጆርጅ ሮሜሮ ያዘጋጀው ሲሆን አምስት ታሪኮች አሉት። አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር የኮሚክ፣ ማለትም ታሪክ በሥዕል የሚተረክበት፣ መጽሔት ገጽ ሲገለጥ ታያላችሁ። ማቆሚያችሁ እሱ ነው።

የሚሠራበት ምክንያት አለው። ፊልሙ የ1950ዎቹን የአሜሪካ አስፈሪ ኮሚኮች መንገድ ይከተላል፤ በእነሱ ዘንድ ስስታሙም ጨካኙም አብዛኛውን ጊዜ የእጁን ያገኛል፣ ያውም እያሳቀ። ታሪኩ ሒሳቡን ዘግቶ ስለሚያልቅ "ከዚያስ?" እያላችሁ አልጋ ላይ አትገላበጡም። ፍርሃቱ ሲበረታ ደግሞ ስክሪኑ ድንገት በቀይና በሰማያዊ ብርሃን ይጥለቀለቃል፤ የምታዩት ሥዕል መሰል ነገር መሆኑን ያኔ ታስታውሳላችሁ። በሁለተኛው ታሪክ ገበሬውን ሆኖ የሚተውነው ራሱ ኪንግ ነው። ትወናው የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በጣም ነው የሚያስቀኝ፣ መጨረሻው ቢያሳዝንም።

ለልጆች አይሆንም። የመጨረሻው ታሪክ ደግሞ በረሮ በበረሮ ስለሆነ እራት እየበላችሁ አትክፈቱት። ዘዴው ታሪኮቹ እርስ በርስ ለተጠላለፉበት ፊልምም አይሠራም፤ ለምሳሌ የ2007ቱን "ትሪክ ኦር ትሪት" ከፋፍላችሁ ካያችሁት ክሩ ይጠፋባችኋል።