የሂፕሆፕ ቢት መሥሪያ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቢት ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ዓይን በሚስበው ዕቃ ላይ ይጨርስና ድምፁን ለሚሰማበት ዕቃ ሲደርስ እጁ ያጥረዋል። ባለ ብዙ ቁልፍ ኪቦርድ፣ በጣት የሚመቱ ካሬ ቁልፎች (ፓዶች) ያሉት መብራቱ የሚያብለጨልጭ ማሽንና ትልቅ ማይክሮፎን ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ፎቶ ላይ ያምራሉ፤ ሥራው ግን ከስልክ ጋር በመጣ ርካሽ ማዳመጫ እየተሰማ ይቀጥላል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ሁለቱን እኔ ራሴ ሠርቼ ከፍዬባቸዋለሁ።

የታዋቂ ፕሮዲዩሰርን ስቱዲዮ እንደ መግዣ ዝርዝር መያዝ

የሂፕሆፕ ታሪክ በሙሉ በእጅ ባለ ዕቃ የመሥራት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ዲጄ ኩል ኸርክ በኒውዮርክ ብሮንክስ ድግስ ሲያጫውት የነበረው መሣሪያ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለው ድምፅ ቀድቶ ምት የሚሠራ ማሽን በጠቅላላው መቅዳት የሚችለው አሥር ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለነበረ፣ ፕሮዲዩሰሮቹ ባለ 33 ዙሩን ሸክላ በ45 ፍጥነት አጫውተው ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች የሚናፍቁት ያ ሻካራ ድምፅ በከፊል የዚህ ቁጠባ ውጤት ነው። በዓመቱ ሮጀር ሊን የነደፈው የአካይ ኩባንያ ኤምፒሲ 60 ባለ አሥራ ስድስት ፓድ ሆኖ ሲወጣም ሰዎች የመረጡት የዘመኑ የቤት ኮምፒውተር ያንን ሥራ መሥራት ስላልቻለ ነው።

ያን ጊዜ የነበረውን ችግር ዛሬ ማንኛውም መካከለኛ ላፕቶፕ ፈትቶታል። እንግዲህ ጀማሪው ያገለገለ ኤስፒ 1200 ፍለጋ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ቢያወጣ፣ የሚገዛው በፍሎፒ ዲስክ የሚሠራና ሲበላሽ ጠጋኝ የማይገኝለት ዕቃ ነው። የታዋቂው ፕሮዲዩሰር የጄ ዲላ ኤምፒሲ 3000 ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ራሱ ግን በዘመኑ በብዙ ሰው እጅ የነበረ ነው፤ ምቱን ማሽኑ እንዲያስተካክልለት ሳይፈቅድ በጣቱ እየመታ የሚተወው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ናይንዝ ዎንደር ፍሩቲ ሉፕስ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የጄይ ዚ አልበም ላይ ገብቷል፤ ሙዚቀኛው ስቲቭ ሌሲ ደግሞ ሥራውን የጀመረው በአይፎኑ ላይ ባለው ጋራዥባንድ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ነው። ይህን የምጠቅሰው ዕቃ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ የፎቶውን ዕቃ ከመግዛት በፊት ያ ዕቃ የትኛውን ችግር እንደፈታ መጠየቅ ስለሚገባ ነው።

ራሱ ድምፅ የማያወጣ ዕቃ ገዝቶ ድምፅ መጠበቅ

አንድ የሰፈሬ ልጅ ዘመዱ ከውጭ የላከለትን ባለ 25 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ በስልክ ቻርጀር ግድግዳው ላይ ሰካው። ፓዶቹ በቀይ በሩ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቢነካ ምንም የለም፤ ድምፁን የሚጨምር መስሎት ክብ መቆጣጠሪያዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው ካዞረ በኋላ “ተበላሽቶ ነው የመጣው” ብሎ ይዞልኝ መጣ። ዕቃው ግን ደኅና ነበር። ሚዲ ኪቦርድ የሚልከው መልእክት ነው፦ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ ምን ያህል ተጫኑት፣ መቼ ለቀቁት። ድምፁን የሚፈጥረው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑ ላይ ሰክተን ፕሮግራሙን ስንከፍት የመጀመሪያው ኪክ (የትልቁ ከበሮ ምት) ወጣ፤ ልጁም ሳቀ።

ችግሩ በተለይ የሚከፋው በፓድ ማሽኖች ላይ ነው፤ ምክንያቱም መልካቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው የተለያየ ነው። በኤምፒሲ ስም ከሚሸጡት ውስጥ ኤምፒሲ ዋን ብቻውን ቆሞ የሚሠራ ሲሆን፣ ኤምፒሲ ስቱዲዮ ግን ያለ ኮምፒውተር ምንም አይሠራም። ሻጩ ሁለቱንም “ኤምፒሲ ነው” ቢል ውሸት አልተናገረም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ “ያለ ኮምፒውተር፣ በማዳመጫ ብቻ ይሠራል ወይ?” የሚል ይሁን፤ የሚቻል ከሆነም እዚያው አሰምተው ይግዙ።

ማዳመጫን መጨረሻ ላይ መግዛት

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ እኔም ከፍዬበታለሁ። በሂፕሆፕ ውስጥ ቢቱን የሚሸከሙት ኪኩና ቤዙ ናቸው። ሮላንድ ቲአር 808 ከተባለው የከበሮ ማሽን የተወረሰው ረጅም ቤዝ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ኸርዝ ባለው በጣም ወፍራም የድምፅ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ይህን የላፕቶፕ ስፒከር ጨርሶ አያወጣውም፣ ስልክም አያወጣውም። የማይሰማውን ቤዝ ለመስማት የሚጥር ሰው ድምፁን ከፍ፣ አሁንም ከፍ ያደርገዋል። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን በላፕቶፑ ስፒከር ጨርሼ የጓደኛዬ መኪና ውስጥ ሳጫውተው በሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከቤዙ በቀር ስኔሩም (ጠንካራው የከበሮ ምት) ዜማውም አልተሰማም።

ሁለተኛው ወጥመድ የብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። ለማድመጥ መልካም ነው፤ ለመጫወት ግን አይሆንም፤ ድምፁ ከጣት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይደርሳልና። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት ላይ የአንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ ርዝመት 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ማዳመጫ ፓድ የሚመታ ሰው ሳያውቀው አንድ ኖታ ሙሉ ሊስት ይችላል። ከዚያ “ሪትም የለኝም” ብሎ ይተወዋል፤ ጥፋቱ ግን የማዳመጫው ነበር።

መግዛት ያለብዎት ባለ ገመድ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ቤዝ የተጨመረበት ተብሎ የማይሸጥ የስቱዲዮ ማዳመጫ ነው። የሶኒ ኤምዲአር 7506 ወይም የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 40ኤክስ ለብዙ ዓመታት የተሞከሩ ናቸው፤ ስማቸውን በመጠቀም የሚሸጡ አስመሳዮች ስላሉ ግን ዋጋው ከሚገባው በታች ከሆነ ይጠርጥሩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አንዳንድ ጥሩ ማዳመጫዎች በተለያየ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) ይሸጣሉ። ባለ 250 ኦሙ ከላፕቶፕ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ድምፁ የደከመ ስለሚሆን፣ ለጀማሪ ከ80 ኦም ያልበለጠው ይሻላል።

በጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስፒከር

ማዳመጫውን ዘልሎ ባለ ስምንት ኢንች ስፒከር የሚገዛም አለ። ሦስት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ይከማቻል፤ ይህም ልክ የ808 ቤዝ የሚገኝበት ቦታ ነው። ውጤቱን ለመስማት ያንን ኖታ ያለማቋረጥ አጫውተው በክፍሉ ውስጥ ይራመዱ፦ ግድግዳው አጠገብ ያጓራል፣ መሀል ላይ ሲቆሙ ይጠፋል። ስፒከሩ በተለቀ ቁጥር ይህ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ባለ አምስት ኢንች ይበቃል፤ እርሱም ቢሆን ለሚቀጥለው ዓመት ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም።

የቮልቱን ጽሑፍ ሳያነቡ ከአሜሪካ ማስመጣት

በአገራችን ብዙ ዕቃ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከዚህ የተነሣ በሌላ አገር ያለ ጀማሪ የማያውቀው ስህተት እኛ ዘንድ አለ። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ “ከ100 እስከ 240” የሚል ጽሑፍ ስላለበት የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ በዩኤስቢ የሚሠሩ ኪቦርዶችና ሳውንድ ካርዶችም (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡና የሚያስወጡ ዕቃዎች) ኃይላቸውን ከላፕቶፑ ስለሚወስዱ ችግር አይገጥማቸውም። አደጋው ያለው በቀጥታ ግድግዳ ላይ በሚሰኩት ስፒከሮች ላይ ነው። አንዳንዶቹ በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ ሌሎቹ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ መቀየሪያ የላቸውም። ዘመድዎ ከመግዛቱ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ፣ የመጣልኝ ስፒከር እንደተሰካ አንድ ጊዜ “ጧ” ብሎ ሸተተ፤ ጠጋኙም ፊውዙን ብቻ ቀይሮ የሚያበቃ አልሆነለትም።

በዚሁ ላይ መብራት ሲሄድ ስፒከሩን ከዲቫይደሩ ላይ ነቅሎ፣ መብራቱ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋ መጠበቅ ልማድ ይሁን። ባለ ገመድ ማዳመጫና ላፕቶፕ የያዘ ሰው ግን መብራት ቢሄድም በባትሪው ሥራውን ይቀጥላል፤ ማዳመጫ ይቅደም ለማለቴ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ላፕቶፑን በመልኩ መምረጥ

ቢት መሥሪያ ፕሮግራም የሚፈልገው የምስል ካርድ ሳይሆን ፕሮሰሰር፣ ራምና ፈጣን ማከማቻ ነው። ራሙ ከ8 ጊጋባይት ባያንስ፣ ቢቻል 16 ቢሆን፣ ማከማቻውም ኤስኤስዲ ቢሆን ይመረጣል፤ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ገዝቶ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ማስቀየር ለጌም ተብሎ ከሚሸጠው ውድ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የሚዘገይ ድምፅ ሁሉ ሳውንድ ካርድ ይፈልጋል ብሎ ማሰብ

ቁልፉን ሲነኩ ድምፁ ዘግይቶ ከወጣ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ቅንብር ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ድምፁን በቋት እያጠራቀመ ይልካል፤ የቋቱ መጠን 2048 ሳምፕል (ጥቃቅን የድምፅ ቁራጭ) ከሆነ በተለመደው በሰከንድ 44,100 የሳምፕል ፍጥነት መዘግየቱ 46 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፣ ወደ 128 ሲወርድ ግን ሦስት ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዊንዶውስ ላይ አሲዮ የተባለውን ድራይቨር መምረጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እርሱም በነፃ ይገኛል። ሳውንድ ካርድ የሚያስፈልገው ድምፅ ወይም መሣሪያ መቅዳት ሲጀምሩ፣ ወይም ስፒከር ሲገዙ ነው። ማይክሮፎንም እንደዚሁ ነው፤ ቢት ብቻ ለሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ምንም አያደርግለትም።

በክራክ ፕሮግራም መጀመር

ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ካርድ በሌለበት አገር በሕጋዊ መንገድ መግዛት ራሱ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከየቦታው የሚወርደው ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ የሚመጣ ሲሆን፣ በተጨማሪም ፕሮግራሙ ሲታደስ ወይም ላፕቶፑ ሲቀየር የቆየ ሥራ አልከፍት ይላል። ነፃ አማራጭ ሞልቷል፦ በማክ ጋራዥባንድ፣ በዊንዶውስ ኤልኤምኤምኤስ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ባንድላብ። ብዙ ሚዲ ኪቦርዶችም ኤብልተን ላይቭ ላይትን በነፃ የሚያስገኝ ኮድ ይዘው ይመጣሉ፤ ያገለገለ ሲገዙ ኮዱ ጥቅም ላይ መዋሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍሩቲ ሉፕስ፣ በዛሬ ስሙ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ አንዴ ከተገዛ ወደፊት የሚወጡትን እትሞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚሰጥ ዘመድ ስጦታ ልላክ ሲል የምመክረው እርሱን ነው። የሙከራ ቅጂው ግን አንድ ባሕርይ አለው፦ ሥራውን ማስቀመጥ ይፈቅዳል፣ መልሶ መክፈት ግን እስኪገዛ ድረስ አይፈቅድም። በሙከራ ቅጂ የሚሠራ ሰው በአንድ መቀመጫ ጨርሶ ድምፁን ወደ ፋይል ማውጣት አለበት።

የቁልፍ ብዛት

ስልሳ አንድ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለፒያኖ ተጫዋች ነው። ባለ 25ቱ ሁለት ኦክታቭ ይይዛል፤ በአምስት ድምፅ የተመሠረቱት ትዝታና ባቲ ለቢት የሚሆን ዜማ በዚያ ውስጥ ይወጣላቸዋል፤ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግም የኦክታቭ ቁልፍ አለ። ገንዘቡ ለፓዶቹ ጥራት ቢውል ይበልጣል። ፓዱን በዝግታና በኃይል እየመቱ ስኔሩ ለስለስና ጠንከር ማለቱን ይፈትሹ፤ እንደ ኮምፒውተር ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ወይም ጠርዙ ላይ ሲመታ የማይሰማ ከሆነ ይመልሱት። ዋናውን ዕቃ ተቀብለው ሲጨርሱ ደግሞ ካርቶኑን ከመጣልዎ በፊት ገመዱን ይፈልጉ፤ የብዙ ኪቦርዶች ገመድ የፕሪንተር ዓይነት ካሬ ጫፍ ያለው ሲሆን አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ትንሹን ሞላላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ የያዙ ናቸው። ኪቦርዱ በሻንጣ ደርሶት፣ ገመዱ ካርቶኑ ውስጥ አሜሪካ ቀርቶ፣ የሰፈሩን ፕሪንተር ቤት ገመድ እየተዋሰ ማታ ማታ ብቻ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይመልስላቸዋል።