በፒክልቦል ሜዳ ላይም፣ ከጉዳት በኋላም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ፒክልቦል (በትንሽ ሜዳ ላይ በጠፍጣፋ መምቻና በፕላስቲክ ኳስ የሚጫወቱት ቴኒስ መሰል ጨዋታ) በምንጫወትበት ሜዳ የሆነ ነው። ጋሼ የምላቸው የ63 ዓመት ሰው ወደ መረቡ ሊሮጡ እንደ ተነሡ ድንገት ቆሙና «ማነው የመታኝ?» ብለው ዞሩ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። የተረከዛቸው ጅማት ተበጥሶ ነው። እኛ ግን አላወቅንም። አግዳሚው ላይ አስቀምጠን «ወለምታ ነው፣ ያልፋል» አልናቸው፤ አንዱም ቅባት አምጥቶ ባታቸውን ያሽ ጀመር። ሐኪም ዘንድ የደረሱት በ9ኛው ቀን ነው። ያ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችንና ፊዚዮቴራፒስቶችን እየጠየቅሁ፣ እያነበብሁም የተማርሁትን ነው የምጽፍልዎ።

ከመኪና ወርዶ በቀጥታ መጫወት

የፒክልቦል ሜዳ ርዝመቱ 13.4 ሜትር፣ ወርዱ 6.1 ሜትር ብቻ ነው። በ1965 በዋሽንግተን ግዛት፣ በቤይንብሪጅ ደሴት ሲፈጠርም የቤተሰብ መዝናኛ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ከእግር ጉዞ ለይቶ አያየውም። ባትንና የተረከዝን ጅማት የሚጎዳው ግን ርቀቱ ሳይሆን ድንገት መነሣቱና ድንገት መቆሙ ነው። ከእኛ መካከል ሌሊቱን ኡበር ሲነዱ አድረው የሚመጡ አሉ፤ ባታቸው ከመቀመጫው ገና አልተነቃነቀም። 10 ደቂቃ ይበቃል፦ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ወደ ጎን መራመድ፣ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ኳስ መቀባበል። የሩጫ ጫማዎንም ለሩጫ ይተዉት። ወደ ጎን ሲታጠፉ ቁርጭምጭሚትዎን የሚይዝልዎ የቴኒስ ዓይነት ጫማ ነው።

ከራስ በላይ ላለፈ ኳስ ወደ ኋላ እየተራመዱ መሄድ

ዓይን ሰማይ ላይ፣ እግር ወደ ኋላ። ተረከዝ መሬት ይይዝና ሰው ይወድቃል፤ ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ የእጅ አንጓው ይሰበራል። አጥንታቸው ለሳሳ እናቶች ይሄ ከሁሉም የከፋ ነው። መጀመሪያ ሰውነትዎን ያዙሩ፣ ከዚያ ፊትዎን ወደሚሄዱበት አድርገው ይሩጡ። የማይደርሱበት ከሆነ ነጥቡ ይቅር።

«ወለምታ ነው» ብሎ ማሳሸት

ወጌሻ በሰፈሩ ባለበት አገር ስላደግን እጃችን ወደ ማሸት ይፈጥናል። ያበጠ የእጅ አንጓ ራጅ ሳይነሣ መጎተትም መታሸትም የለበትም። ለተረከዝ ደግሞ እኛ ያላወቅነው ቀላል መለያ አለ። ሰውየውን በሆዱ አስተኝተው መርገጫው ከአልጋው ጫፍ እንዲወጣ ያድርጉና ባቱን በእጅዎ ጨመቅ ያድርጉ። ጅማቱ ጤነኛ ከሆነ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች ጠቆም ይላሉ። ከተበጠሰ ግን ምንም አይንቀሳቀስም፤ ያኔ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዱት። እያነከሰ መራመድ መቻሉ አያታልልዎ፤ ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚያግዙት ነው። ቶሎ ከታየ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ጣቶቹን ወደ ታች በሚያደርግ ቦት ይድናል። በዘገየ ቁጥር ሕክምናው ይከብዳል።

ሲፕሮን እንደ ተራ ኪኒን መዋጥ

አገር ቤት ስንሄድ ለተቅማጥ ከፋርማሲ ገዝተን የምንውጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማት ሊያቆስልና ሊበጥስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤፍ.ዲ.ኤ ይህ በጉልህ እንዲጻፍበት ያዘዘው በ2008 ነው። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ሰዎች ይብሳል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላ የደረሰባቸውም አሉ። በቅርቡ ወስደው ከሆነ ወደ ሜዳ ከመመለስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

መርፌን ከልምምድ ማስቀደም

ክርን ሲያም ብዙ ሰው ኮርቲዞን (እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት) ይወጋል። ለሳምንታት እፎይ ያሰኛል፤ ዓመት ሲሞላ ግን የተወጉት ካልተወጉት የባሰ ሆነው የተገኙበት ጥናት አለ።

አሁን ስሙ የገነነው ፒ.አር.ፒ ነው። ከክንድዎ ደም ይቀዳል፣ ማሽን ውስጥ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የበዛበት ቢጫ ፈሳሽ ይለይና የታመመው ቦታ ላይ ይወጋል። የራስዎ ደም ስለሆነ አደጋው ትንሽ ነው። ጥቅሙ ግን እንደ ማስታወቂያው አይደለም። በ2021 ከታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ ጉልበታቸው የተበላ 288 ሰዎችን፣ ሌላው የተረከዝ ጅማታቸው ለረጅም ጊዜ የታመመ 240 ሰዎችን አየ፤ በሁለቱም ፒ.አር.ፒ መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ መርፌ አልተሻለም። ለክርን ተስፋ የሰጡ ጥናቶች አሉ፤ የሚቃረኗቸውም አሉ። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋነኛነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ለጅማትና ለመገጣጠሚያ ጉዳት ስለማይከፍልበት ወጪው ከኪስዎ ነው። ይሁን ካሉ እንኳ ወራት የፈጀ ልምምድ ሞክረው አልሆን ሲል እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት አይሁን።

በእትብት «ስቴም ሴል» ማመን

ጋሼን ሆቴል ውስጥ ነፃ ምሳ ጋብዞ ከእትብት የተወሰደ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ሊሸጥላቸው የሞከረ ክሊኒክ ነበር፤ ልጆቻቸውም ገንዘብ ማዋጣት ጀምረው ነበር። ኤፍ.ዲ.ኤ ለጅማትም ለጉልበትም የፈቀደው እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም። በ2018 ከእትብት ደም የተሠራ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። እባክዎ፣ ወላጅዎ እንዲህ ያለ ግብዣ ሲደርሳቸው አብረው ሄደው «ኤፍ.ዲ.ኤ ፈቅዶታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ሕመሙ ሲጠፋ ዳነ ማለት

ፒ.አር.ፒ ከተወጉ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሕመሙ ሊጨምር ይችላል። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን የፕሌትሌትን ሥራ ስለሚያውክ ሐኪሞች ከመርፌው በፊትም በኋላም እንዲያቆሙት ይነግሩዎታል። ከዚያ በኋላ ጅማትን የሚያጠነክረው ሸክም ነው፣ በልክ የሚጨመር ሸክም። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍሬድሰን በ1998 ለታመመ (ላልተበጠሰ) የተረከዝ ጅማት ያሳተመው ልምምድ ዛሬም ይሠራበታል። የደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶችዎ ይቆማሉ፤ በጤነኛው እግር ወደ ላይ ይነሣሉ፤ በታመመው ቀስ ብለው ተረከዝዎን ከደረጃው በታች ያወርዳሉ። 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ያቆመዋል።

ጋሼ በመጨረሻ በቀዶ ጥገና ተሰፍቶላቸው፣ አሁን ከፊዚዮቴራፒስታቸው ጋር ሰባተኛ ወራቸው ነው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛውን ይዘው በአንድ እግር ተረከዛቸውን ያነሣሉ። ጤነኛው 25 ጊዜ ያነሣቸዋል፤ የተጎዳው ትናንት 11 ላይ ቆመ። እኩል እስኪሆኑ ሜዳ አልገባም ብለዋል፤ ፓድላቸውንም (የኳስ መምቻቸውን) ለእኔ አስቀምጥልኝ ብለው ሰጥተውኛል።