ነዳጅ ሲሰጡት የሚዘገይ ሚያታ፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ሚያታ (ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ የስፖርት መኪና)፣ በ1.6 ሊትር ሞተሩ አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ የሚወደደው እግር ገና ሲነካው ስለሚነሳ ነው። ይህ ቅልጥፍና ሲጠፋ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከላላ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ልኩን ከሳተ አሮጌ ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ የስፖርት ፊልትሮና የጭስ ማውጫ ከመግዛት በፊት መዘግየቱ የት እንዳለ ይለዩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ሆነው የነዳጅ ፔዳሉን ቶሎ ነካ ያድርጉ። የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ከዘገየ ችግሩ ከፔዳሉ እስከ ሞተሩ ባለው መንገድ ነው። ፎሌ ላይ ቀልጣፋ ሆኖ ማርሽ ሲገባ ብቻ የሚደነዝዝ ከሆነ የካንዴላ ገመዶችን፣ የአየር ቱቦውንና ፍሪሲዮኑን ይጠርጥሩ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለ1.6 ሊትሩ፣ በእጅ ማርሽ ለሚሄደው ነው።

ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል

ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኬብል ላልቷል። ስሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ላይ ኬብሉን የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፈታ አድርገው፣ ኬብሉ በጣት ሲጫን ከ1 እስከ 3 ሚ.ሜ. ብቻ እንዲላላ ያስተካክሉ። ጨርሶ ከወጠሩት ስሮትሉ በትንሹ ክፍት ይቀርና ሚኒሞው (እግር ሳይነካው ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ከፍ ይላል። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሌላ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥልዎ፤ እርስዎ ከኮፈኑ በኩል ስሮትሉ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ይዩ። ወፍራም ምንጣፍ ፔዳሉን አግዶ ሙሉ ጉልበት ያሳጣበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ፔዳሉ ሲጀምር ተጣብቆ ድንገት የሚለቅ ከሆነ ደግሞ የስሮትሉ ጠርዝ በጥቁር ዝቃጭ ተይዟል። በማጽጃ ስፕሬይና በጨርቅ ይጥረጉት። ስሮትሉ የሚያርፍበትን ማቆሚያ ብሎን ግን አይንኩ፤ እሱ ለሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም።

ሲረገጥ ለአፍታ ይታነቃል፣ ከዚያ ይነሳል

ከሁሉም በላይ መካኒክ የሚያታልለው ይሄ ነው። በዚህ ሞተር አየሩን የሚለካው በሞላ የሚመለስ ትንሽ በር ነው። ከዚያ በር ወዲያ በስንጥቅ የሚገባ አየር ስላልተለካ ኮምፒውተሩ አያውቀውም፤ የሚያዘው ቤንዚንም ያንሳል። የሚሰነጠቀው ከአየር መለኪያው ወደ ስሮትል ቦዲ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ሲሆን፣ ስንጥቁ የሚደበቀው እጥፋቶቹ ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲነሳ በመቀመጫ ጎማዎቹ ላይ ዘንበል ስለሚል ስንጥቁን ይከፍተዋል፤ በሚኒሞ ሲሰራ መልሶ ይገጥመዋል። ጋራዥ ቆሞ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ቱቦውን አውልቀው እያንዳንዱን እጥፋት በእጅ ገልጠው በብርሃን ይዩ። የተሰነጠቀ ካገኙ ይቀይሩት፤ ፕላስተር በሙቀትና በዘይት ቶሎ ይለቃል። መልሰው ሲገጥሙ ሁለቱንም ማሰሪያዎች ያጥብቁ፣ ትናንሾቹን የአየር ቱቦዎችም ይፈትሹ። አንዳንዶች ስንጥቅ ከመፈለግ ይልቅ የአየር መለኪያውን ክዳን ከፍተው ሞላውን ያላላሉ። ይህ በአንድ ቦታ የጎደለውን ቤንዚን በሌላ ቦታ ማትረፍረፍ ነው፤ የፋብሪካውን ልክ መልሶ ማግኘትም ከባድ ነው።

በዝግታ ሲነዳ ይነጥቃል

የስሮትሉን ቦታ የሚናገረው መሣሪያ በእጅ ማርሹ 1.6 ላይ ሁለት ነገር ብቻ የሚያውቅ ማብሪያ ነው፦ «እግር ተነስቷል» እና «ሙሉ ተረግጧል»። የአውቶማቲኩ ዓይነት የተለየ ስለሆነ ዕቃ ሲያዙ ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው ግንኙነት ከልኩ ዘግይቶ ከተለቀቀ፣ ኮምፒውተሩ እግርዎ የተነሳ መስሎት ቤንዚን ይቆርጣል፤ መኪናው ይንገጫገጫል።

ልኩ በስስ ብረት መለኪያ ይታያል። ማቆሚያው ብሎንና ክንዱ መካከል 0.4 ሚ.ሜ. ሲገባ የእግር መነሳት ግንኙነቱ መኖር፣ 0.7 ሚ.ሜ. ሲገባ መጥፋት አለበት። ካልሆነ ሁለቱን ብሎኖች አላልተው ማብሪያውን በጥቂቱ ያዙሩት። ሁለተኛው ግንኙነት ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ መገናኘቱን ሳያረጋግጡ አይዝጉት።

ዳገት ላይ ወይም በከፍተኛ ማርሽ ይንተፋተፋል

የካንዴላ ገመድ ነው፤ በዚህ መኪና ቶሎ ከሚያረጁት ዕቃዎች አንዱ። ገመዱ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ16 ኪሎ ኦም በላይ ካሳየ አራቱንም ይቀይሩ፤ ካንዴላውንም 1.1 ሚ.ሜ. ክፍተት ባለው አብረው ይለውጡ።

ምንም ብልሽት የለውም፣ ግን ደንዝዟል

ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) ይለኩ። ዲያግኖሲስ በሚለው ሳጥን ውስጥ ቲ-ኢ-ኤን እና ጂ-ኤን-ዲ የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ያገናኙ፣ ሚኒሞው በደቂቃ 850 ዙር ላይ ይሁን፣ ከዚያ በታይሚንግ መብራት ይዩ። የፋብሪካው ልክ 10 ዲግሪ ነው። በሞተሩ ራስ ጀርባ ያለውን ሴንሰር አላልቶ ወደ 14 ዲግሪ ማምጣት በዝቅተኛ ዙር ላይ ለእግር የሚሰማ ለውጥ ያመጣል፤ ወጪውም ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ብቻ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ጠጠር እንደሚፈጭ ካንኳኳ ወዲያው ይመልሱት። ሽቦውን ማውጣት አይርሱ።

እ.ኤ.አ. በ1990 እና 1991 በተሠሩት ላይ ከክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ያለው ፑሊ ሲዞር የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ታይሚንግ አያስተካክሉ፤ የክራንኩ ጫፍ ተበልቶ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ይፈታ።

እንደ ዴንቨር ባለ 1,600 ሜትር ከፍታ የሚነዳ ሰው ደግሞ ሞተሩ ከ15 በመቶ በላይ ጉልበት በስስ አየር እንደሚያጣ ይወቅ። ያንን ታይሚንግ አይመልሰውም።

ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው ይቀራል

በአራተኛ ማርሽ፣ በ60 ኪ.ሜ. ፍጥነት፣ ሙሉ ነዳጅ ይስጡ። ዙሩ ብቻውን ከወጣ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ሲረገጥና ሲለቀቅ «ጓ» የሚል ከሆነ የሞተሩንና የዲፍረንሻሉን መቀመጫ ጎማዎች ይዩ።

ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው ከወረደ ቀላል ቮላኖ (ከክራንኩ ጋር የሚዞር ከባድ ዲስክ) ለመግጠም ትክክለኛው ጊዜ ያኔ ነው። የፋብሪካው 8 ኪሎ ገደማ ሲሆን የአሉሚኒየሙ ወደ 4 ኪሎ ይወርዳል፤ ማርሽ ሲቀንሱ ዙሩ በትንሽ ነካታ ይነሳል። ሞተሩ ግን ሲነሱ በቀላሉ ይጠፋብዎታል፣ ካምቢዮውም በሚኒሞ ይንኳኳል። መኪናው በየቀኑ ትራፊክ ውስጥ የሚውል ከሆነ የፋብሪካውን አስልሶ መመለስ ይሻላል።