«ኢንሹራንስ አለኝ» ከማለታችሁ በፊት የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወረቀቱን እዩት

አሜሪካ ቤት የገዛችሁ፣ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። በየወሩ ከምትከፍሉት ውስጥ «ፒኤምአይ» የሚል መስመር ካለ፣ እሱ የሚጠብቀው እናንተን አይደለም። ቅድሚያ ክፍያችሁ ከ20 በመቶ በታች ስለነበረ ለአበዳሪው የተገባ ዋስትና ነው። ብዙ ሰው ግን «ብሞት ቤቱ ለልጆቼ ይቀራል» ብሎ ለጥ ብሎ ይተኛል። ዕዳው እኮ እንዳለ ነው! ቤተሰቡ መክፈል ካቃተው ቤቱ ይሸጣል።

ባንኩ የግድ የሚላችሁ የቤት ኢንሹራንስም ለእሳትና ለመሳሰለው ነው። የጎርፍ ለብቻው ይገዛል።

ለሞት የሚሆነው የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። ቤት እንደገዛችሁ በፖስታ የሚጎርፈውን «የሞርጌጅ ጥበቃ» ማስታወቂያ መቼም አይታችሁታል፤ አንዳንዱማ ከባንካችሁ የመጣ ይመስላል። ብትሞቱ የካሳው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው በቀጥታ ለአበዳሪው ነው። ዕዳው ሲቀንስ ካሳውም አብሮ ይቀንሳል፣ ወርሃዊ ክፍያችሁ ግን ያው ነው። ጤነኛ ከሆናችሁ ተራው «ተርም ላይፍ»፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት የሚገዛው የሕይወት ኢንሹራንስ፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ብድሩ የ30 ዓመት ከሆነ የ30 ዓመት ውሰዱ። ገንዘቡ ለትዳር ጓደኛችሁ ይገባል፤ ዕዳ ይዘጋበት ወይ ልጅ ያስተምርበት፣ የራሱ ጉዳይ ነው። የጤና ችግር ያለበት ሰው ግን ያለ ጤና ምርመራ የሚሰጠውን የሞርጌጅ ጥበቃ ቢያይ አይከፋም።

ፒኤምአዩን ደግሞ ዕዳችሁ ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ በጽሑፍ ጠይቃችሁ አስነሱት። ዝም ካላችሁ 78 በመቶ እስኪደርስ ያስከፍሏችኋል። መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የኤፍኤችኤ ብድር ከሆነ ግን ደንቡ ሌላ ነው።