ከፈረንጅ ጋር ስትጻጻፉ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሩ

ሰሞኑን ብዙ ልጆች እንግሊዝኛ የሚያለማምደኝ የውጭ ጓደኛ ከየት ላግኝ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ከዚሁ ከባህር ዳር ሆኜ መጻጻፍ ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁን በቋሚነት የምጻጻፋቸው ሶስት ሰዎች አሉ፣ አንዷ ካናዳ ያለች ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ እንግሊዝኛዬን ከክፍል ትምህርት ይልቅ እሷ ናት ያቃናችልኝ ብል አላጋነንኩም። አፕ መንገር ቀላል ነው፣ ስሎውሊ አለ፣ ኢንተርፓልስ አለ፣ ሄሎቶክና ታንደም አሉ። ለጀማሪ ስሎውሊን ነው የምመክረው፣ ደብዳቤው እንደ አገሩ ርቀት ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚደርሰው፣ የራስን ፎቶ መለጠፍ የለም፣ በቅጽል ስም መጻፍ ይቻላል፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ደብተር ላይ ቀስ ብላችሁ ጽፋችሁ ኔት ሲመለስ ትልካላችሁ። ነገሩን የምናበላሸው ግን አፑን ካወረድን በኋላ ነው።

መጀመሪያ የማየው ስህተት «ሃይ፣ ሃው አር ዩ፣ አይ አም ፍሮም ኢትዮጵያ» ብሎ ለሃምሳ ሰው መበተን ነው። ለዚህ ምን ብሎ ይመልስ ሰውየው? እኔም እንደዛ እየላክሁ ሁለት ወር ያህል መልስ የሚባል አላገኘሁም። አንድ ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ዛፍ ላይ አስደግፎ ሲያቆመው አየሁ። ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከሥራ መልስ አቁመው ነው የሚያደርቁት፣ ከሥሩ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል አሸዋው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል። ይሄንኑ በስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና ላክሁ፣ ደንገል በእንግሊዝኛ ፓፒረስ እንደሚባልም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ነርሷ ጥያቄ በጥያቄ አድርጋ መለሰችልኝ፣ አንድ ታንኳ ስንት ጊዜ ያገለግላል፣ ልጆች ይቀዝፉታል ወይ፣ ሲደርቅ ምን ምን ይሸታል። እኔ ደግሞ መልሱን ስለማላውቅ ሄጄ ሰውየውን ጠየቅሁት፣ እሱ ያለኝን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ ትምህርቱ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ጣና ትልቁ ሐይቃችን መሆኑን፣ አባይ ከሱ መውጣቱን ማንም ጎግል ላይ ያገኘዋል፣ እናንተ ቤት ቡና ሲቆላ ማን ምን እንደሚያወራ ግን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።

የቀን መቁጠሪያውን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። አፕ ላይ ስትመዘገቡ የትውልድ ዘመናችሁን በኛ አቆጣጠር ከሞላችሁ በሰባት ወይ በስምንት ዓመት ትልቅ ትሆናላችሁ። እኔ 1996 ብዬ ሞልቼ በሰባት ስምንት ዓመት ከሚበልጡኝ ሰዎች ጋር ነበር የሚያገናኘኝ፣ የ16 ዓመት ልጅ እንደዚህ ሲያደርግ ደግሞ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ይቀላቀላል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ሰዓትም እንደዛው፣ «ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል እገባለሁ» ካላችሁ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መስሏቸው ይደነግጣሉ፣ በነሱ 8 በሉ። ጥምቀት ጥር 11 ነው ስትሉ ጃንዋሪ 11 እንዳይመስላቸው 19 ብላችሁ ጻፉ፣ አንዳንድ ዓመት 20 ነው።

ከዛ አማርኛውን እንዳለ መገልበጥ አለ። ዝናብ መታኝ ለማለት «ዘ ሬይን ቢት ሚ» ብዬ ጽፌ ነርሷ መጀመሪያ አልገባትም፣ ጠፋሽ ለማለት «ዩ አር ሎስት» ስላት ደግሞ መንገድ የጠፋባት መሰላት። በዚህ አትፈሩ፣ እንደውም እንዲህ ያለውን ሳስረዳት ነው ጨዋታው የደመቀው፣ አይዞሽ የሚለውን ቃል አስተምሬያት አሁን እሷ ራሷ ትጠቀምበታለች። የሚጎዳው ሌላ ነው፣ ሙሉ ደብዳቤውን ቻትጂፒቲ አስጽፎ መላክ። አንብቦ የሚመልሰው ሰው ቋንቋው የእናንተ እንዳልሆነ በሁለተኛው ደብዳቤ ያውቃል፣ እናንተም አንድ ቃል ሳትጨምሩ ወሩ ያልቃል። መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉ፣ ከዛ ያልገባችሁን ቦታ ብቻ ጠይቁ። ጓደኛችሁንም ሁሉን አርሚልኝ አትበሏት፣ ይሰለቻታል፣ በየደብዳቤው ሁለት ሶስት ስህተት ብቻ እንድትነግራችሁ ጠይቁ።

አሁን የምለው ሊከፋችሁ ይችላል፣ ግን ልናገረው። ገና ሁለተኛ ደብዳቤ ላይ ስልክ ግዛልኝ፣ ስፖንሰር ሁነኝ፣ ቪዛ ላክልኝ የሚሉ ልጆች አሉ። ኑሮው እንደከበደ አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው ያለሁት፣ ግን ሰውየው ያን ቀን ይዘጋችኋል፣ ከናንተ በኋላ ከኢትዮጵያ ለሚጽፍለት ልጅም አይመልስም። አንድ ጃፓን ያለ ጓደኛዬ መጀመሪያ አካባቢ በጣም የሚጠነቀቀኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ከዚህ በፊት ከኛ አገር የጻፉለት ሁለት ሰዎች ገንዘብ ጠይቀውት እንደነበር ነገረኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

የግል መረጃ ላይ ደግሞ ባህር ዳር ትንሽ ከተማ መሆኗን አትርሱ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳችሁ የተነሳችሁት ፎቶ፣ ከኋላችሁ የጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን፣ ከጎን የሠፈራችሁ ሱቅ ስሙ እየታየ፣ ይሄን ሶስቱን ያየ ሰው ባጃጅ ይዞ ደጃችሁ መምጣት ይችላል። ጣና ዳር እኖራለሁ ማለት ይበቃል። የፋይዳ ካርድና ፓስፖርት ፎቶ ለማንም፣ በምንም ምክንያት አትላኩ። የወረቀት ፖስትካርድ የምትወዱ ከሆነ በፈረንጅ 2005 የተጀመረ ፖስትክሮሲንግ የሚባል ፖስትካርድ የሚያለዋውጥ ድረ ገጽ አለ፣ አድራሻችሁን ማየት ያለበት ሰው ይኖራል፣ እኛ ጋ ደግሞ ፖስታ በሣጥን ቁጥር ስለሆነ የሚመጣው የቤታችሁ አቅጣጫ መጻፍ አያስፈልግም፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስፈራኝ የሚቸኩል ሰው ነው። በሶስት ቀን ወደ ቴሌግራም እንሂድ የሚል፣ በሳምንቱ አፈቀርኩሽ የሚል፣ ቪዲዮ ደውል ሲባል ካሜራዬ ተበላሽቷል የሚል። የጎረቤታችን ልጅ እንግሊዝ ነኝ ካለው ሰው ጋር ሶስት ሳምንት ተጻጽፎ ላፕቶፕ ልኬልሃለሁ ተባለ፣ ስሙ የተጻፈበት የታሸገ ካርቶን ፎቶም መጣለት። በሁለተኛው ቀን የጉምሩክ ወኪል ነኝ የሚል ሰው ደውሎ 14 ሺህ ብር በዚህ ሰው አካውንት አስገባ አለው፣ እናቱ ለበዓል ያስቀመጠችውን አውጥታ ሰጠችው፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ቅጣት ተብሎ ሌላ 20 ሺህ ተጠየቀ። ካርቶን የሚባል ነገር አልነበረም። የመንግሥት ክፍያ በግለሰብ አካውንት አይገባም፣ ይሄን ብቻ ቢያውቅ ይተርፍ ነበር። ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ አስገብታችሁ ፈልጉ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ከሆነ ሊወጣ ይችላል።

ስልካችሁ ላይ የመጣውን ኮድ ላክልኝ የሚል ካለ ቴሌግራማችሁን ሊወስድ ነው፣ አትላኩ፣ ዛሬውኑ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ የራሳችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩ። ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ፣ ትኬቱን እኛ እንችላለን የሚል «ጓደኛ» ከመጣ ደግሞ ጎረቤቷን ማያንማርን አስቡ፣ በ2017 ዓ.ም የካቲት ላይ እዛ ካሉት የማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት ሰዎች መሃል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፣ በግድ ሲያሠሯቸው የነበረውም ኢንተርኔት ላይ ጓደኛ መስሎ ሰው ማጭበርበር ነው።

የመጨረሻው ስህተት ዝም ማለት ነው። የራቁት ፎቶ ልካችሁ ገንዘብ ካላመጣሽ ለቤተሰብሽ እልካለሁ ቢላችሁ እባካችሁ አትክፈሉ፣ አንዴ የከፈለ ደግሞ ይጠየቃል። ቻቱን አታጥፉ፣ ስክሪንሾት አንሱ፣ አካውንቱን ሪፖርት አድርጉ፣ ለምታምኑት አንድ ትልቅ ሰው ንገሩና ፖሊስ ጋ አብራችሁ ሂዱ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት ወንጀል አድርጎታል። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ቴክ ኢት ዳውን፣ ከዛ በላይ ለሆነ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባሉ ነፃ አገልግሎቶች አሉ፣ ፎቶውን ሳትልኩላቸው ከስልካችሁ ላይ የቁጥር አሻራ (ፎቶውን የሚለይ ኮድ) ወስደው አብረዋቸው የሚሠሩት ትልልቅ ሶሻል ሚዲያዎች እንዲያግዱት ያደርጋሉ። እናትና አባት የምታነቡም ካላችሁ፣ ልጃችሁ ይሄን ሊነግራችሁ ሲመጣ መጀመሪያ አትቆጡት።

መልስ ቢዘገይባችሁ ደግሞ ሶስት ሳምንት ሳይሞላ አትጨቅጭቁ፣ ሰው ይታመማል፣ ሥራ ይበዛበታል። ነርሷ ባለፈው ደብዳቤዋ እምቦጩ አሁን የት ደረሰ ብላኛለች፣ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወርጄ አጥማጆቹን ጠይቄ ነው የምመልስላት።