የቤተሰብ አማካሪ መጀመሪያ የራሱን ቤት ይሣል፦ ጄኖግራም እንዴት እንደሚሠራ

ከባልና ሚስት፣ ከወላጅና ልጅ ጋር ለመሥራት የሚሠለጥኑ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ "ቀጣዩ ኮርስ መቼ ነው?" እያሉ ነው። ኮርስ ጥሩ ነው። እኔን ግን ከየትኛውም ሥልጠና በላይ የጠቀመኝ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ነው። የገዛ ቤተሰቤን ሣልኩበት።

ሥዕሉ ጄኖግራም ይባላል። ቢያንስ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ነው። ማን ከማን ተወለደ ብቻ ሳይሆን ማን ከማን ጋር ተኳረፈ፣ ማን የማን ሚስጥረኛ ነው የሚለውንም ያሳያል። ሥሩ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን ይሠራበት የነበረው የቤተሰብ ንድፍ ነው። ምልክቶቹ ወጥ የሆኑት በኋላ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ቦወን እ.ኤ.አ. በ1967 በአንድ ጉባኤ ላይ ንድፈ ሐሳብ ያቀርባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከራሱ ቤተሰብ ጋር የሞከረውን ነገር ተናገረ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲታተም የደራሲው ስም አልተጻፈበትም። የቤት ገመና ነዋ! ከራሳቸው ቤተሰብ ጋር ያለውን ጉዳይ የሚሠሩ ሠልጣኞች በሕክምና ሥራቸውም እንደሚሻሉ ያስተዋለውም እሱ ነው።

1. ማንንም ሳትጠይቁ፣ ከትዝታችሁ ሣሉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፤ ዕድሜው ውስጡ ይጻፋል። የእናንተን ምልክት በድርብ መስመር ክበቡት። የሞተ ሰው ላይ ኤክስ አድርጉ። ባልና ሚስትን በአግድም መስመር አገናኙ፣ ባል በግራ፣ ሚስት በቀኝ። ተለያይተው ከሆነ መስመሩ ላይ አንድ ጭረት፣ ተፋትተው ከሆነ ሁለት። ልጆች ከመስመሩ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የበኩሩ በግራ በኩል።

ስትጨርሱ የረሳችሁትን ሰው ፈልጉ። እኔ ሰባት ቤት ቆጥሬ ያደግኩ ነኝ ባይ፣ ሦስት አጎቶቼን ዘልዬ ነበር። ሦስቱም ከአባቴ ጋር የተኳረፉ ናቸው።

2. ምልክቱን ለእኛ ቤት አስተካክሉት። አያቱ ጋ ያደገ ልጅ አያቱን "እማዬ"፣ የወለደችውን ደግሞ በስሟ ሲጠራ አይታችሁ ይሆናል። የተወለደበትን በሙሉ መስመር፣ ያደገበትን በተቆራረጠ መስመር አሳዩት። አበልጅ፣ ሃያ ዓመት እቤት የኖረች ሞግዚት፣ ቤሩት ሆና የቤት ኪራይ የምትከፍል አክስት ሁሉም ቦታ ይሰጣቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን በተቆራረጠ መስመር ክበቧቸው።

3. አሁን ጠይቁ። ወረቀቱን ይዛችሁ አትግቡ፤ ምርመራ ይመስላል። ቡና ሲፈላ ይሻላል። "ለምን ተጣላችሁ?" የሚለው ክስ ነው። "ያኔ ቤቱ እንዴት ነበር?" ሲባል ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። ትልልቅ ሰዎች ዓመት አይቆጥሩላችሁም። "ጣሊያን የገባ ጊዜ" ካሉ 1928፣ "አብዮቱ ሲፈነዳ" ካሉ 1966፣ "በሰባ ሰባቱ ድርቅ" ካሉ 1977 ብላችሁ መዝግቡ። ከዚያ ዓመቶቹን አስተያዩ። አያት የሞቱት መቼ ነው? በዚያው ዓመት ማን ተወለደ? ማንስ ከቤት ወጣ?

ዝም ካሉ አትጎትጉቱ። ወረቀቱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ለማስታረቅም አትሞክሩ፣ የመጣችሁት ለሽምግልና አይደለም። አንዷ አክስቴ ገና ጥያቄ ስጀምር "ደግሞ በእኛ ልትለማመድብን ነው?" ብላኛለች። እውነቷን ነው። ጥያቄዬን ትቼ ስኒ አነሳሳሁ።

4. ግንኙነቱን ሣሉ። ግጭት ዚግዛግ መስመር ነው። ቅርበት ሁለት መስመር፣ ከልክ ያለፈ መጣበቅ ሦስት፣ ርቀት ነጠብጣብ። ዋናው ግን ሦስት ማዕዘኑ ነው። ቦወን እንደሚለው በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ወደ መሐል ይሳባል። በኩርፊያ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። "አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው" ትላለች እናት፣ አባት እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ።

ያ መልእክተኛ ልጅ እኔ ነበርኩ። ለካ ቢሮዬ ውስጥም ያው ሥራ ላይ ነኝ! ባል ሲናገር ወደ ሚስት ዞሬ "እሱ ለማለት የፈለገው..." እያልኩ አስተረጉማለሁ። እንዲህ ማድረጌን ለዓመታት አላየሁትም። ወረቀቱ ላይ አባቴን፣ እናቴንና እኔን በሦስት ማዕዘን ካገናኘሁ በኋላ ግን በየቀኑ አየው ጀመር። እናንተም ጠይቁ፦ የቱ ጥግ ላይ ነበርኩ? አስታራቂ? አስቂኝ? ተደብቄ የማዳምጥ?

5. ለሱፐርቫይዘራችሁ ወይም ለሦስትና አራት የሙያ ጓደኞቻችሁ አቅርቡት። ስም ቀይሩ፤ ገመናው የእናንተ ብቻ አይደለም። ቴሌግራም ላይ እንዳትልኩት። ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፣ ለምሳሌ "የሚጮህ አባት ሲመጣ ለምን እደነዝዛለሁ?" የሚል። የቆየ ቁስል ከተነካ ደግሞ ቡድኑ ላይ አትጫኑት፣ ለራሳችሁ አማካሪ ያዙ።

እኔ ሥዕሌን አጥፌ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ይዤዋለሁ። አዲስ ባልና ሚስት ከመግባታቸው በፊት አምስት ደቂቃ አየዋለሁ። ከዚያ የሁለቱን ወንበር ፊት ለፊት አድርጌ፣ የእኔን ትንሽ ወደ ኋላ እስባለሁ።