ጀግናው ሌቨሉ አድጎ ለምን ይሸነፋል? የሂሮስ 3 የስኪልና የስፔል ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ክረምት ሲገባ ደብረ ማርቆስ ያለችው ጌም ቤቴ ትጨናነቃለች። ትምህርት ተዘግቷል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መውጫ አይሰጥም፤ ልጆቹ ሁለትም ሦስትም ሆነው በአንድ ኮምፒውተር ተራ በተራ ሂሮስ 3 (Heroes of Might and Magic III፣ ጀግና እየመራህ ሠራዊት የምታዋጋበት የስልት ጨዋታ) ይጫወታሉ። ጨዋታው በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ሳይንቀራፈፍ ይሄዳል፣ ደግሞም ጭንቅላት የሚያሠራ ስለሆነ ከቤቴ አላወጣሁትም። "ጋሼ፣ ይቺን ሴቭ እስቲ ይዩልኝ፣ ኮምፒውተሩ አጭበረበረኝ" ተብዬ የከፈትኩት ሴቭ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ አላጭበረበረም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ከብዙ ቀን በፊት ስኪል (የጀግናውን ችሎታ) ሲመርጥ የተሠራ ነው።

የስፔል (የአስማት) መጽሐፍ በ500 ወርቅ መግዛትን፣ ማና (ስፔል ሲጣል የሚከፈለው ኃይል) መኖሩን ማየትን፣ በአንድ ዙር አንድ ስፔል ብቻ እንደሚጣል የምታውቅ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ስፔሉ ጊልዱ (የከተማው የስፔል መማሪያ ቤት) ላይ ይታያል፣ መጽሐፉ ውስጥ የለም

ምክንያቱ ዊዝደም የሚባለው ስኪል ነው። ዊዝደም የሌለው ጀግና ከሌቨል 2 በላይ ያለ ስፔል አይማርም። የስኪሉን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ቤሲክን፣ ሲይዝ 3ኛውን፣ አድቫንስድ ሲደርስ 4ኛውን፣ ኤክስፐርት ሲሆን 5ኛውን ይማራል። ዋሸራ የገባ የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር ሥላሴ ልቁጠር ቢል መምህሩ አይሰሙትም፤ ጊልዱም እንዲሁ ነው።

መፍትሄው ዊዝደም መውሰድና ወደ ከተማው መመለስ ነው። መመለሱን ነው ሰው የሚረሳው። ዊዝደሙን ሜዳ ላይ ብታገኘው መጽሐፉ በራሱ አይሞላም፤ ጀግናው ጊልዱ ያለበት ከተማ እንደገና መግባት አለበት። ከብቸና የሚመጣ አንድ ደንበኛዬ ዊዝደም ከያዘ በኋላ በገዛ ከተማው በር አጠገብ እየተመላለሰ ወርቅ ሲለቅም ሁለት የጨዋታ ሳምንት አሳለፈ። ስፔሉ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀው ነበር።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ስትሮንግሆልድና ፎርትረስ የሚባሉት የከተማ ዓይነቶች ጊልድ ከ3ኛ ደረጃ አያልፍም፣ የካስል ደግሞ 4ኛ ላይ ይቆማል። ባርባሪያን (የስትሮንግሆልድ ጀግና) ይዘህ የሌላ ዘር ከተማ ሳትይዝ ኤክስፐርት ዊዝደም ማሳደድ ሌቨል ማባከን ነው።

ጀግናው ሌቨሉ ትልቅ ነው፣ ውጊያ ላይ ግን ምንም አያደርግም

ይህን በየክረምቱ አየዋለሁ። እባክህ ሌላውን ብትዘል እንኳ ይህን አትዝለል።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ጀግናው ሌቨል 9 ወይም 10 ደርሷል፣ ሠራዊቱ ደህና ነው፣ ዋናው ውጊያ ሲመጣ ግን ጠላት ቀድሞ ይደርስና በሁለት ዙር ይጨርሰዋል። የጀግናውን ገጽ ስከፍት ስምንቱም የስኪል ቦታ ሞልቷል፣ አብዛኛው ቤሲክ ነው፣ ከስምንቱ አምስቱ ደግሞ ቢኖሩም ባይኖሩም ለውጥ የላቸውም።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በጨዋታው ውስጥ 28 ስኪል አለ፣ አንድ ጀግና የሚይዘው 8 ብቻ ነው። ሌቨል በወጣ ቁጥር ሁለት ምርጫ ይቀርብልሃል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ያለህን ማሳደግ ነው፣ ሌላው አዲስ። ጀግናው በሁለት ቤሲክ ከጀመረና ሁልጊዜ አዲሱን ከጫንክ ሌቨል 7 ላይ ቦታው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ጠቃሚ ስኪል ቢሆን ደጅህ አይመጣም። ስምንቱንም ኤክስፐርት ላድርግ ካልክ ሌቨል 23 መድረስ አለብህ። እኛ ጋ በሚጫወቱት ካርታዎች ማንም 23 ሳይደርስ ጨዋታው ያልቃል።

አዲስ ነገር ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን ስኪል እንደ ማሳ ነው፤ ጥንድ በሬ ይዘህ ስምንት ቦታ ብትጭር አንዱንም አታርስም።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገርህ። አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ ጎበዝ ተጫዋች፣ ዳንጀን ከሚባለው የከተማ ዓይነት ጉናር የተባለውን ጀግና ይዞ መጣ። ጉናር ከጀማሪዎቹ ሁሉ ከምወዳቸው አንዱ ነው፤ ሎጂስቲክስና (ካርታ ላይ ረጅም መንገድ የሚያስኬድ) ታክቲክስ (ከውጊያ በፊት ሠራዊት የሚያሰልፍ) ይዞ ይነሳል፣ ልዩ ችሎታውም ሎጂስቲክስ ላይ ነው። ልጁ በሁለቱ ላይ የጨመረለት ለርኒንግ፣ ስካውቲንግ፣ ናቪጌሽን፣ ኢግል አይ፣ ሚስቲሲዝምና ኢስቴትስ ነበር። ካርታው ላይ ባሕር የለም! ናቪጌሽን ግን አለ። ከካስል አርክኤንጀሎች ጋር ገጠመ፣ ፍጥነታቸው 18 ነው። የሱ ሬድ ድራገኖች 11። አርክኤንጀሎቹ የመጀመሪያው ዙር ላይ ሜዳውን አቋርጠው ድራገኖቹን መቱ፣ ልጁ ስሎው (ጠላትን የሚያዘገይ ስፔል) ጣለ፣ ስሎው ግን ኧርዝ ማጂክ (ስሎውን የሚያጠነክረው ስኪል) በሌለው ጀግና አንድ ቡድን ላይ ብቻ፣ ያውም ሩብ ፍጥነት ብቻ ነው የሚቀንሰው። አለቀ። ሴቩን ሲያሳየኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሌቨል 4 ሴቭ ነበረው። ተቀመጥንና ከዚያ ጀመርን። ኧርዝ ማጂክ ሲመጣ ያዝን፣ ማሳደጊያው በመጣ ቁጥር ሌላውን ትተን እሱን ተጫንን፣ ሌቨል 9 ላይ ኤክስፐርት ሆነ። ያው ሠራዊት፣ ያው ጠላት። አሁን ስሎው ሲጣል የጠላትን ቡድኖች በሙሉ በአንዴ ያዘ፤ ኤክስፐርት ላይ ግማሽ ፍጥነት ይቀንሳል። አርክኤንጀሎቹ ከ18 ወደ 9 ወረዱ፣ ቀስተኞቹ ማርክስመኖች ከ6 ወደ 3። በ11 የሚሄዱት ድራገኖች ቀዳሚ ሆኑ። የከፈልነው 5 ማና ነው።

ጦረኛ ጀግና ማጂክ ምን ያደርግለታል የሚሉኝ አሉ። ስሎው ስንት እንደሚቀንስ የሚወስነው ኧርዝ ማጂክ እንጂ ፓወር (የጀግናው የስፔል ኃይል) አይደለም። ፓወር የሚወስነው ስንት ዙር እንደሚቆይ ነው። ፓወር 1፣ ኖውሌጅ (የማናውን መጠን የሚወስነው) 1 ያለው ጀግና 10 ማና አለው፤ ሁለት ጊዜ ይጥላል፣ እያንዳንዱ አንድ ዙር ይቆያል። አብዛኛው ውጊያ የሚወሰነው በነዚያ ሁለት ዙሮች ነው።

አሁን ስለ ከንቱዎቹ፦

ለርኒንግ ሰውን የሚያታልል ስኪል ነው። ኤክስፐርቱ ልምድ በ15 በመቶ ይጨምራል። ሒሳቡን ሥራው፦ ሌቨል 12 ለመድረስ 20,600 ልምድ ያስፈልጋል። 15 በመቶ ስትጨምርበት 23,690 ይሆናል። ሌቨል 13 ደግሞ 24,320 ይፈልጋል። ሦስት ሌቨል ከፍለህ አንድ ሌቨል እንኳ አላተረፍክም።

ሚስቲሲዝም ኤክስፐርቱ በቀን 4 ማና ይመልሳል። አንድ ስሎው አይገዛም። ሜጅ ጊልድ ባለበት ከተማ አንድ ሌሊት ያደረ ጀግና ማናውን ሙሉ ያገኛል።

ኢግል አይ፣ ጠላት ውጊያ ላይ የጣለውን ስፔል ለመማር የሚሰጠው ዕድል ኤክስፐርቱ ላይ 60 በመቶ ነው። ጊልድ ባለበት ጨዋታ ለዚህ ቦታ አትስጥ።

ኢስቴትስ መጥፎ አይደለም፣ ኤክስፐርቱ በቀን 500 ወርቅ ያስገባል። ግን የሚሰጠው ቤት ለተቀመጠ ሁለተኛ ጀግና ነው። ለዋናው አትስጠው።

መፍትሄው ሁለት ነው። ቦታው ገና ካልሞላ፦ ከሎጂስቲክስ፣ ኧርዝ ማጂክ፣ ዊዝደም፣ ኤር ማጂክ፣ ኦፌንስ፣ አርመረር፣ ታክቲክስ ውጪ ያለ አዲስ ስኪል ሲቀርብ ማሳደጊያውን ምረጥ። የምትጠብቀው አይመጣም ብለህ አትፍራ፤ ጨዋታው ራሱ ለጦረኛ ጀግና በየ4 ሌቨሉ ከአራቱ የማጂክ ትምህርቶች አንዱን፣ በየ6 ሌቨሉ ዊዝደምን ያቀርባል። ለማጂክ ጀግና ሁለቱም በየ3ቱ ነው። ማለትም ያ የፍኖተ ሰላም ልጅ ማጂክ ቀርቦለት ገፍቶታል።

ቦታው ከሞላ፦ በዋናው ጨዋታ ስኪል ማስረሻ መንገድ የለም። አትፈልግ፣ ጊዜህን አትፍጅ። ታቨርን ሂድ፣ በ2,500 ወርቅ አዲስ ጀግና ቅጠር፣ ሠራዊቱንና ዕቃውን በሙሉ አስረክበው። አሮጌው ወታደር አመላላሽ ይሁን። ልጆች በዚህ ጊዜ "ደከምኩበት እኮ" ይሉኛል። የደከምክበት ጀግና ከሚያሸንፍህ አዲሱ ከባዶ ይነሳ።

ማስጠንቀቂያ! ዊች ሀት የምትባለዋን ጎጆ በዋናው ጀግናህ አትርገጥ። ሳትጠይቅህ ስኪል ትሰጥሃለች፣ ያውም አንድ ቦታ ይዘጋብሃል። መጀመሪያ ትንሽ ጀግና ላክ፣ ምን እንደምታስተምር እይ፣ ከዚያ ወስን። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ አሁንም ሮጠው ይገባሉ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሌቨል ከሚያስወጣህ ውጊያ በፊት በራስህ ስም ሴቭ አድርግ። ጨዋታው በየተራው መጀመሪያ ሴቭ ያደርጋል፣ ግን አንድ ፋይል ነው፣ ቀጣዩ ተራ ይሽረዋል። መብራትም በመካከል ይሄዳል። ደግሞ ከፍላሽ ፍላሽ ሲዞር ግማሽ ፋይሉ የጎደለ ኮፒ ይዘህ አትምጣ። ውጊያ ሲጀመር የሚዘጋ ኮፒ ላይ ስለ ስኪል ላስረዳህ አልችልም፤ ሙሉውን ጫን።

ታወን ፖርታል የማልፈልገው ከተማ ይወስደኛል

እንደገና ኧርዝ ማጂክ። ያለ እሱ ወይም በቤሲክ ሲጣል ቅርብ ወዳለው ከተማህ ነው የሚወስድህ። አድቫንስድ ሲሆን ከተማውን አንተ ትመርጣለህ። አንድ መምህር ደንበኛዬ ዋና ከተማው ሲከበብ ታወን ፖርታል ጥሎ ራሱን ከጀርባው ያለች፣ ትናንት የያዛት መንደር ውስጥ አገኘው። ጠላት በሰላም ገባ። እግር የጨረሰ ጀግናም አይጥለውም፤ ከመንቀሳቀስህ በፊት አስብበት።

ከሞት ያስነሳኋቸው ከውጊያው በኋላ ጠፉ

ሬዘሬክሽን ያለ ኧርዝ ማጂክ ወይም በቤሲክ ሲጣል ውጊያው እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚያቆያቸው። ከአድቫንስድ ጀምሮ የተነሳው በዚያው ይቀራል። ለሙታን ሠራዊት የሚሆነው አኒሜት ዴድ ግን በየትኛውም ደረጃ ቋሚ ነው። ሦስት የተለያዩ ችግሮች፣ ሦስቱም ወደ አንድ ስኪል ሲመለሱ አየህ? ኧርዝን ከሎጂስቲክስ ቀጥሎ የማስቀምጠው ለዚህ ነው። ሁለተኛ ማጂክ ከያዝክ ኤር ይሁን፦ ኤክስፐርት ላይ ሄስት ወገንህን ሁሉ በ5 ያፈጥናል፣ ካርታ ላይ እንቅፋት የሚያሻግሩት ዲሜንሽን ዶርና ፍላይም እዚያ ናቸው። ወተር ብሌስና ፕረየር ስላለው ለካስል ይጠቅማል። ፋየርን ብላይንድና በርሰርክ ያስከብሩታል፣ ግን በሱ ብቻ አትጀምር።

ስፔል ጭራሽ አይጣልም

መሬቱን እይ፤ ከርስድ ግራውንድ ላይ ከሌቨል 1 በላይ አይሠራም። ካልሆነ የራስህን ጀግና ዕቃ ፈትሽ። ኦርብ ኦፍ ኢንሂቢሽን ከለበሰ ማንም ምንም አይጥልም፣ አንተም ጭምር፤ ሪካንተርስ ክሎክ ደግሞ ከሌቨል 3 ጀምሮ ይከለክላል። ያገኘውን ሁሉ ሳያነብ የሚያለብስ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው።

ስፔሉ ተጣለ፣ ጠላት አልተነካም

ብላክ ድራገን ምንም ስፔል አይነካውም። ጎልድ ድራገን ከሌቨል 5 በታች ያለውን ይመልሳል፣ ግሪንና ሬድ እስከ 3። ጎለሞች ጉዳቱን ይቀንሱታል፤ ዳይመንድ ጎለም የሚደርስበት 5 በመቶው ብቻ ነው።

አርማጌዶን የራሴን ሰዎች ፈጀ

ሜዳው ላይ ያለውን ሁሉ ይመታል፣ የማንም ይሁን። ብላክ ድራገን ብቻ ይዘህ ስትገባ ጣለው።